የጓሮ ዶሮ በሲሬና በአርሲ ደጋማ አካባቢዎች፦ ለምን ትረባለች? እንዴትስ ትያዝ?

መግቢያ

በአማርኛ «የቤት እንስሳ» የሚለው ስያሜ በሬንም ውሻንም ዶሮንም በአንድነት ያቅፋል። ለፍቅርና ለጨዋታ ብቻ የሚያዘውን እንስሳ ለምግብ ወይም ለገበያ ከሚረባው የሚለይ የተለመደ ቃል የለም። በመሆኑም «ዶሮ የምትረባው ለመውደድ ነው ወይስ ለመብላት?» የሚለው በሌሎች አገሮች ዘወትር የሚነሳ ጥያቄ ለአንድ የሲሬ አርሶ አደር ቤተሰብ ቢቀርብ መልሱ በአንድ ቃል የሚቋጭ አይሆንም። ዶሮዋ በልጆች እጅ ጥሬ እየለቀመች ታድጋለች፤ እንቁላሏ የቤቱን የጨውና የሳሙና ወጪ ይሸፍናል፤ እንግዳ ሲመጣ ወይም በዓል ሲደርስ ደግሞ ለማዕድ ትቀርባለች።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ከመልሱ የሚከተለው ውሳኔ ከባድ ነው። ቤተሰቡ ዶሮ የሚያረባበትን ዓላማ ለይቶ ካላወቀ ስንት ዶሮ እንደሚይዝ፣ የትኛውን ዝርያ እንደሚመርጥ፣ እንቁላሉን ለማን እንደሚያውል፣ ዶሮዎቹ ሌሊት የት እንደሚያድሩ መወሰን ያዳግተዋል። ይህ ጽሑፍ የጓሮ ዶሮ በአካባቢው የምትሰጠውን አገልግሎት፣ ከሰው ጋር ያላትን ቅርበትና ከዚህ ቅርበት የሚመጣውን ጥቅምና ጉዳት ለአርቢዎች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለተማሪዎች ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

የዶሮና የሰው ግንኙነት በታሪክ

የቤት ዶሮ የተገኘችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚኖረው ቀይ የጫካ ዶሮ ነው። ወደ አገራችን መቼ እንደገባች የሚያመለክተው ማስረጃ በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ ሥፍራ በቁፋሮ ተገኝቷል። በዚያ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 600 ዓመት ገደማ የነበሩ ሲሆኑ፣ በአፍሪካ ከታወቁት ጥንታዊ የዶሮ ማስረጃዎች መካከል ይቆጠራሉ።

ዶሮን ለምግብ ማዋል በሁሉም ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሮማ መሪ ዩልዮስ ቄሣር የብሪታንያ ሰዎች ዶሮ መብላትን እንደ ነውር እንደሚቆጥሩና ዶሮን ለደስታ ብቻ እንደሚይዙ ጽፏል። በዛሬው ዘመንም በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ዶሮን በስም እየጠሩ፣ እንቁላል መጣል ስታቆም እንኳ ሳያርዱ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የሚያኖሩ ቤተሰቦች አሉ። እነዚህ ቤተሰቦች መኖ የሚገዙት ከደመወዛቸው ነው። በአርሲ ጓሮ ግን ዶሮዋ ራሷ የቤቱ የገቢ ምንጭ ናት፤ ልዩነቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሲሬ እና አካባቢው

ሲሬ በኦሮሚያ ክልል በአርሲ ዞን የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ከዶዶታ ጋር ተጣምሮ «ዶዶታና ሲሬ» በሚል ስም አንድ ወረዳ ነበር። የአርሲ ደጋማ አካባቢ በስንዴና በገብስ ምርቱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 መቀመጫውን አሰላ ላይ አድርጎ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመውና «ካዱ» በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮግራም የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያና የተዳቀለች የወተት ላም ከአርሶ አደሩ ጋር እንዲተዋወቁ ያደረገው በዚሁ ምድር ነው። በቁሉምሳ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከልም የስንዴ ዝርያዎችን በማፍለቅ ይታወቃል።

የአካባቢው አርሶ አደር ለስንዴው ዝርያን ከአያያዝ ጋር ማገናዘብን ለምዷል። ዘሩ ምርጥ ቢሆን እንኳ ማዳበሪያና አረም ቁጥጥር ካልታከለበት የሚጠበቀውን ምርት እንደማይሰጥ ያውቃል። ዶሮ ላይ ግን ይህ እውቀት ብዙ ጊዜ አይሠራበትም። ዶሮ ጭራ የምትበላ፣ ወጪ የማትጠይቅና በዕድል የምትኖር ተደርጋ ትታያለች።

የጓሮ ዶሮ የምትሰጣቸው አገልግሎቶች

በማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም. የእንስሳት ናሙና ጥናት መሠረት በአገራችን 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች የነበሩ ሲሆን፣ ከእነዚህም አምስት እጅ ቢባሉ አራቱ እጅ ያህል የአገር ውስጥ ዝርያዎች ናቸው። አብዛኞቹም በጓሮ ተለቅቀው የሚረቡ ናቸው። አገልግሎታቸው በሚከተለው መልኩ ይጠቃለላል፦

1. የእጅ ገንዘብ፦ ላም ወይም በግ ለመሸጥ የማያስገድድ አነስተኛ ወጪ ሲያጋጥም እንቁላል ወይም አንድ አውራ ዶሮ ገበያ ይወጣል። ጨው፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ገንዘብ ነው። ገንዘቡን የምታዝበትም በአብዛኛው የቤቱ እመቤት ናት።

2. የዘር ቀጣይነት፦ ከሚጣለው እንቁላል ከፊሉ ለመታቀፍ ይቀመጣል። የአገር ዶሮ በተፈጥሮዋ እናት ናት፤ 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቿንም ከጭልፊት ትከላከላለች።

3. የበዓልና የእንግዳ ማዕድ፦ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በዒድ ዶሮ የክብር ምግብ ናት። ለዶሮ ወጥ በ12 ብልት ተገንጥላ የምትሠራበት ሥርዓት ዛሬም የባልትና መለኪያ ነው።

4. የቤተሰብ ምግብ፦ እንቁላል በቅርብ የሚገኝ፣ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ የሆነ ምግብ ነው።

5. ሌሎች አገልግሎቶች፦ አውራ ዶሮ ሌሊቱን በጩኸቱ ይከፍላል፤ ኩሱ ከብስባሽ ጋር ተዋህዶ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል፤ ጫጩትና ቄብም ለዘመድና ለጎረቤት ስጦታ ይሰጣሉ።

ፍቅርና ጥቅም በአንድ ጓሮ

በገጠር ብዙ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ «የኔ» የሚሉት ሀብት ጫጩት ነው። ወላጅ ወይም አያት አንዲት ጫጩት ለልጅ «ያንተ ናት፣ ያንቺ ናት» ብለው ይሰጣሉ። ልጁም ያበላታል፤ ከሽለምጥማጥ ይጠብቃታል፤ ቄብ ሆና የመጀመሪያ እንቁላሏን ስትጥል የራሱ ደስታ አድርጎ ያየዋል። ይህ ልማድ ኃላፊነትን፣ ቁጥርንና ቁጠባን የሚያስተምር በመሆኑ ሊበረታታ ይገባል። ልጁ የሚወዳት ዶሮ አንድ ቀን ለገበያ ወይም ለማዕድ መቅረቧም ለገጠር ልጅ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ወላጆች አስቀድመው ቢነግሩት፣ ከሽያጩም ለልጁ ደብተር ወይም ሌላ ጫጩት ቢገዙለት፣ ቅር ያሰኘው ነገር ወደ ትምህርት ይለወጣል።

ዶሮዎች ብዙ ጊዜ በመልካቸው ቀይዋ፣ ገብስማዋ፣ መላጣዋ እየተባሉ ይለያሉ። ይህ መለያ ለአርቢው መዝገብ ነው፦ የትኛዋ ብዙ እንደምትጥል፣ የትኛዋ በደንብ እንደምትታቀፍ፣ የትኛዋ ጫጩቶቿን እንደምትተው የሚታወሰው በዚሁ ነው። ለዘር የምትቀረው ዶሮ የምትመረጠውም በዚህ እውቀት መሆን አለበት። ለገበያ በመልኳ ታምራለች ተብላ ጥሩ እናት የሆነችው ዶሮ ብትሸጥ የቤቱ የዘር ምንጭ ይነጥፋል።

እንቁላሉ ለማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የአገራችን ሕፃናት መካከል 37 በመቶዎቹ የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። መቀንጨርን ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም፣ በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም እንቁላል ከቤተሰብ ማዕድ እንዲደርስ ትኩረት ይሰጣሉ።

ይሁን እንጂ እንቁላል በጓሮ መመረቱ ብቻውን ከልጁ አፍ አያደርሰውም። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ከዚህ ውስጥ ለመታቀፍ የሚቀመጠውና ለገበያ የሚወጣው ሲቀነስ ለቤት የሚተርፈው ጥቂት ነው። በቤቱ ከሚቀረውም ለእንግዳና ለአባወራ ቅድሚያ ሲሰጥ የሕፃኑ ድርሻ ይረሳል።

ስለሆነም እያንዳንዱ ቤተሰብ እንቁላሉን ከመሰብሰቡ በፊት ክፍፍሉን ቢወስን ይመረጣል። ለምሳሌ አራት ጣይ የአገር ዶሮዎች ያሉት ቤት እያንዳንዳቸው 50 እንቁላል ቢጥሉ በዓመት 200 እንቁላል ያገኛል። ከዚህ 50 ለመታቀፍ ቢቀመጥና 52 ለአንድ ሕፃን በየሳምንቱ አንድ እንዲደርሰው ቢመደብ፣ ለገበያና ለሌላው ፍጆታ 98 ይቀራል። የዶሮዎቹ አያያዝ ሲሻሻል በመጀመሪያ ማደግ ያለበት የሕፃኑ ድርሻ ነው። ልጅ 6 ወር ከሞላው በኋላ ከእናት ጡት ወተት ጋር በሚገባ የበሰለ እንቁላል ሊመገብ ይችላል። ጥሬ ወይም ያልበሰለ እንቁላል ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም መሰጠት የለበትም።

ዶሮዎች ሌሊት የት ይደሩ?

በአርሲ ደጋማ አካባቢ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ሽለምጥማጡም ሌባውም አይታመንም። በዚህ ምክንያት በርካታ ቤተሰቦች ዶሮዎቻቸውን ሰው በሚተኛበት ቤት በቆጥ ላይ ወይም በቅርጫት ሥር ያሳድራሉ። ይህ ከእንክብካቤ የመነጨ ልማድ ነው፤ ጉዳቱ ግን በሕፃናት ላይ ይወድቃል።

የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች የኢትዮጵያን ገጠር መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አሳይቷል። ዶሮ ማርባት ከሕፃናት የተሻለ ቁመት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ዶሮዎችን ሰው በሚተኛበት ቤት ማሳደር ግን ከዝቅተኛ ቁመት ጋር ተያይዟል። የሚዳኽ ሕፃን የዶሮ ኩስ የነካውን እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። በኩስ ውስጥ የሚገኙ ተሕዋስያን አንጀቱን ሲያውኩት የበላው ምግብ በአግባቡ አይዋሃደውም። እንቁላሉ የሰጠውን ኩሱ ይወስደዋል ማለት ነው።

መፍትሔው ዶሮዎቹን ከመኖሪያ ቤቱ አጠገብ በተለየ ማደሪያ ማሳደር ነው። ማደሪያው የሚከተሉትን ቢያሟላ ይመከራል፦

• ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሽለምጥማጥ የማያስገባ፣ በሩ በሚገባ የሚዘጋ፤
• ከነፋስ የተከለለ፣ ነገር ግን አየር የሚያገኝ፤
• ለአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 7 ያደጉ ዶሮዎች የሚይዝ፤
• ቆጥና የእንቁላል መጣያ ጎጆ ያለው፤
• ወለሉ በስንዴ ጭድ የተነጠፈና ጭዱ ሲረጥብ የሚቀየር።

ማደሪያውን ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ጋር አያይዞ መሥራት የሌባን ሥጋት ይቀንሳል። ዶሮ የነካ ሰው፣ በተለይም ልጆች፣ እጃቸውን በሳሙና መታጠብ ይኖርባቸዋል። ጫጩት መሳም ወይም አብሮ መተኛትም ሊቀር ይገባል።

ፈንግል፦ ጓሮን በአንድ ሳምንት የሚያራግፍ በሽታ

የጓሮ ዶሮ ትልቁ ጠላት ፈንግል ነው። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ የታመመች ዶሮ ትተክዛለች፣ አረንጓዴ ቅዘን ይታይባታል፣ ለመተንፈስ ትቸገራለች፣ አንገቷም ይጣመማል። አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም፤ ያልተከተበ ጓሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ሊቀር ይችላል። ወረርሽኙ ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ከክረምቱ መግቢያ አስቀድሞና ዶሮ በብዛት ከገበያ ገበያ በሚዘዋወርባቸው የበዓል ሰሞኖች ነው።

መከላከያው ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ለፈንግል የሚሆኑ ክትባቶችን ያመርታል። ከእነዚህም መካከል ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋምና ማቀዝቀዣ በማይገኝበት ገጠር ለመጠቀም የሚያመች፣ በዓይን በጠብታ የሚሰጥ ክትባት ይገኛል። ክትባቱ በባለሙያ መመሪያ መሠረት በየጥቂት ወራቱ ሊደገም ይገባል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ በመሆኑ ጎረቤታሞች ተነጋግረው በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ወጪው ይቀንሳል፤ በሽታውም ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሻገርበት መንገድ ይዘጋል።

ከገበያ የመጣች ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ሳትቀላቀል ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። የሞተች ዶሮ በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር ወይም ትቃጠል። የታመመችን ዶሮ «ሳትሞት ልሽጣት» ብሎ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለወረዳው ሁሉ ማከፋፈል ነው፤ አርዶ መመገብም ተገቢ አይደለም።

የአገር ዶሮ ወይስ የተሻሻለ ዝርያ?

የዝርያ ምርጫ ከዓላማ ይነሣል። በአገራችን ከሚሰራጩት የተሻሻሉ ዝርያዎች መካከል ቦቫንስ ብራውን ለእንቁላል የተመረጠች ስትሆን፣ በተሟላ መኖና አያያዝ በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ሳሶና ከደቡብ አፍሪካ የመጣችው ኮይኮይ ለእንቁላልም ለሥጋም ያገለግላሉ። በምዕራብ ኦሮሚያ የምትገኘው የሆሮ ዶሮም በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በምርጫ ዘዴ ስትሻሻል ቆይታለች።

የተሻሻለች ዶሮ ጭራ በምታገኘው ብቻ አትኖርም። በየቀኑ ሚዛኑን የጠበቀ መኖ፣ ንጹሕ ውኃና ክትባት ትፈልጋለች፤ ለእንቁላል የተመረጡትም አይታቀፉም። ይህን ማሟላት ያልቻለ ቤተሰብ የአገር ዶሮዎቹን ሸጦ የተሻሻሉ ቢያስገባ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይደርስበታል። መኖ መግዛት ለሚችልና ገበያ ለሚቀርበው ቤተሰብ ግን የ45 ቀን ቄቦችን ተቀብሎ በተለየ ቤት ማርባት አዋጭ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ለመያዝ የሚፈልጉ አርቢዎች የአገር ዶሮዎችን ለመታቀፍ፣ የተሻሻሉትን ለእንቁላል ይመድባሉ።

መኖና የወቅት አጠቃቀም

በአርሲ የመኖ ግብዓት ቅርብ ነው። ከአውድማ የሚተርፍ እንክርዳድና ስብርባሪ ስንዴ፣ የወፍጮ ቤት ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ጎመንና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች ይገኛሉ። ተቃጥሎ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለዛጎል ጥንካሬ ይጠቅማል። ከመኸር አጨዳ በኋላ ዶሮ ከሜዳ ብዙ ታገኛለች፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን የምትለቅመው ስለሚያንስ ጠዋትና ማታ እፍኝ ጥሬ ሊጨመርላት ይገባል። በዘር ወቅት በኬሚካል የታሸ የስንዴ ዘር ለዶሮ መርዝ ነው። ዘር በሚዘራበትና ፀረ አረም በሚረጭበት ሰሞን ዶሮዎችን አግዶ መመገብ ያስፈልጋል።

የገበያውን ዑደት መከተልም ትርፍን ያሳድጋል። በሲሬና በአካባቢው የእስልምናና የክርስትና እምነት ተከታዮች አብረው ይኖራሉ። በ55 ቀኑ የዐቢይ ጾም የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፤ ይህ ጊዜ እንቁላልን በርካሽ ከመሸጥ ይልቅ ለማስታቀፍ የተመቸ ነው። ጫጩቶቹ ከክረምቱ ብርድ በፊት ይጠነክራሉ፤ ከፈንግል ወቅት በፊት ለመከተብም ይደርሳሉ። ስድስት ወር ገደማ ሲሞላቸው አውራዎቹ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይቀርባሉ።

ማጠቃለያ

በአርሲ ጓሮ የምትገኝ ዶሮ የልጅ ወዳጅም፣ የእመቤት የእጅ ገንዘብም፣ የበዓል ማዕድም ናት። ከእነዚህ አንዱን መምረጥ አያስፈልግም። ሁሉንም ለማግኘት ግን ቤተሰቡ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ከወዲሁ ይወስን፦

• ከሚገኘው እንቁላል የሕፃኑን ድርሻ አስቀድሞ መለየት፤
• ዶሮዎችን ሰው ከሚተኛበት ቤት ውጭ ማሳደር፤
• ፈንግል ሳይገባ ከጎረቤት ጋር ተባብሮ ማስከተብ፤
• ዝርያን በሚገኘው መኖና በዓላማው ልክ መምረጥ።

ለተጨማሪ ምክርና ለክትባት አገልግሎት በአቅራቢያ የሚገኘውን የቀበሌ የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማነጋገር ይቻላል። በርካታ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ሲታመሙ ወይም ሲሞቱ ሳይዘገይ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ የእያንዳንዱ አርቢ ኃላፊነት ነው።